አባት የወጠነው፥ ልጅ ያቆመው

ስለ ኪነ ጥበብ በሚጻፈው ሒስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው በብራና ወይም በወረቀት ላይ የሰፈረው ድርሰት ነው። ደራሲው ይታወቃል፤ መጽሐፉም በእጅ ይያዛል፤ ሐያሲውም ገጹን እየገለጠ መልካሙን ያመሰግናል፥ ጉድለቱንም ያመለክታል። ነገር ግን በአገራችን ከወረቀት ይልቅ በሰው አካል ላይ የተጻፈ ድርሰት መኖሩን ልንዘነጋ አይገባንም። ይኸውም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መቋሚያ ይዘው፥ ጸናጽል እየጸነጸሉ፥ ከበሮ እየመቱ የሚያቀርቡት አቋቋም ነው።

በዚህ ጽሑፍ «የተክሌ» እየተባለ የሚጠራውን የአቋቋም ስልት ለመመርመር አስበናል። ይህን የመረጥንበት ምክንያት የስልቱ ማማር ብቻ አይደለም፤ ውጥኑ የአባት ሆኖ ሳለ ስሙ የልጅ መሆኑ ነው። አባት ያለመውን ነገር ልጅ እንዴት እንደሚቀበለው፥ ተቀብሎም እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው እንዴት እንደሚያስማማው ለማወቅ ለሚሻ ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለንም።

አስቀድመን ጥበቡ ራሱ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ እንግለጽ። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል በልዩ ልዩ ደረጃ ያደርሱታል። በመጀመሪያ በቁም ዜማ፥ ማለት ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል፥ በድምፅ ብቻ ይሉታል። ቀጥለው በዝማሜ መቋሚያቸውን ከሰውነታቸው ጋር እያዘነበሉና እያቀኑ ያንቀሳቅሱታል። ከዚያ በኋላ መረግድ ይመጣል፤ ከበሮውና ጸናጽሉም ይገባሉ። በጽፋት ጊዜ ደግሞ እጅ ይጨበጨባል፤ ከበሮውም ይፈጥናል። ቃሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ የሚጨመርበት የአካል ትርጓሜ ነው። እንግዲህ አንድ ሊቅ አዲስ ዝማሜ አወጣ ሲባል አዲስ ቃል ፈጠረ ማለት ሳይሆን፥ የቈየውን ቃል በአካል የሚተረጕምበት አዲስ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ይህም እንደ ማንኛውም ትርጓሜ ደጋፊም ተቃዋሚም ያስነሣል።

ጥበቡ የበቀለበትን ምድር ማወቅም ለነገሩ ይጠቅማል። ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ጣራ ገዳም የሚባለው በደን የተሸፈነ ተራራ ይገኛል። ከእርሱ በታች የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል፤ ከሜዳውም ማዶ የጣና ሐይቅ አለ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሄዱ ደብረ ታቦር፥ ከእርሷም በላይ የጉና ተራራ ይገኛል። ከዚህ ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በዚሁ በዛሬው ደቡብ ጎንደር ውስጥ የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔም፥ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አባ ይገኛሉ። ዜማ የሚማር ሰው ከሩቅ አገር ተነሥቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣው ወደዚህ ምድር ነው። አለቃ ገብረ ሐናም የተገኙት ከዚሁ ነው፤ በ1814 ዓ.ም. በፎገራ በናበጋ ጊዮርጊስ ተወለዱ፤ በጎንደርም ተምረው በዚያው ለመምህርነትና ለአለቅነት በቁ።

ሊቃውንቱ የሚተርኩት ታሪክ እንዲህ ነው። አለቃ ገብረ ሐና በጣና ደሴት ተቀምጠው በነበሩበት ጊዜ የሐይቁን ማዕበልና በዳርቻው የበቀለውን ደንገል ይመለከቱ ነበር። ደንገሉ ነፋስ ሲመጣበት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል፤ ነፋሱ ሲያልፍም ቀና ይላል። አለቃም ይህን አይተው መቋሚያውና ሰውነቱ እንደ ደንገሉ አብረው የሚዘነበሉበትን፥ እንደ ማዕበሉም የሚመላለሱበትን ዝማሜ አወጡ። ወደ ጎንደር ይዘውት ቢሄዱ ግን የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም፤ ከአባቶቻችን ያልወረስነው ነው ብለው ተቃወሙ። በዚህ ጊዜ አለቃ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም ወደ ደብረ ታቦር ሄዶ ለሌሎች አስተማረ፤ ትምህርቱም በዚያ ጸና። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ደብረ ታቦር የዚህ አቋቋም ቤት ሆና ትታወቃለች፤ ስሙም የገብረ ሐና ሳይሆን የተክሌ ይባላል።

በዚህ ታሪክ ላይ የምናቀርበው የመጀመሪያው ሒስ በታሪኩ ላይ ሳይሆን በእኛ በሰሚዎቹ ላይ ነው። ስለ አለቃ ገብረ ሐና ከሚነገረው ሁሉ የሚበዛው ቀልዳቸው ነው። ቀልዶቻቸው ተሰብስበው በየጊዜው ታትመዋል፤ ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ ከእነርሱ ሁለት ሦስት ያውቃል። ሊቅነታቸውን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በቤተ መንግሥት ያሳቁት አለቃ ታወሱ፤ በደሴት ተቀምጠው ደንገል ሲመለከቱ የዋሉት አለቃ ተረሱ። ይህም ለሕዝብ የማያስመሰግን አዝማሚያ ነው፤ አንድ ሰው ስለ ተናገረው ነገር ስንስቅ ስለ ሠራው ነገር ማሰብ ትተናል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያም የደረሰባቸው ዕጣ ከዚህ የባሰ ነው። በቀልዱ ውስጥ ስማቸው የሚነሣው መሣቂያ ለመሆን ነው እንጂ፥ የሊቅ ቤት እንዴት እንደ ተዳደረ ሊነገርላቸው አይደለም። ከቀለም ትምህርት በስተኋላ ሁልጊዜ በሶ የምታዘጋጅ፥ ልብስ የምታጥብ፥ ልጇን መርቃ የምትሸኝ እናት አለች። አይዞህ ባይነት ሲወራ የአባት ድምፅ ብቻ የሚሰማው እናት ዝም ስላለች ሳይሆን፥ ተራኪው ወደ ጓዳ ስላልገባ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አለቃ ገብረ ሐና ለልጃቸው የሰጡት ምን ነበር? በአንድ ቃል «አይዞህ» የሚለውን ብርታት ነው ብንል ሐሰት አይሆንም፤ ነገር ግን ቃሉ ብቻውን ባዶ ነው። አይዞህ ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝ አባት ብዙ ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚታየውን አይዞህ ባይነት ከፍለን ብንመለከተው ሦስት ነገር እናገኝበታለን።

አንደኛው ዕውቀቱን ሳይሰስቱ ማስተላለፋቸው ነው። አቋቋም በመጽሐፍ አይተው የሚማሩት ነገር አይደለም፤ መምህሩ ፊት ቆሞ፥ እጅን ከእጅ፥ እግርን ከእግር እያመሳሰሉ፥ ስሕተቱን እያረሙ ከዓመት እስከ ዓመት የሚደክሙበት ነው። የተነቀፈ ስልት ሲሆን ደግሞ ድካሙ እጥፍ ይሆናል። ጎንደር እምቢ ያለውን ነገር ለልጅ ማስተማር፥ ሰው ያልተቀበለውን ገንዘብ ለልጅ እንደ ማውረስ ነው። አባትየው የሚያስተምሩት ነገር ዋጋ እንዳለው በልባቸው ካላመኑ በስተቀር ልጃቸውን በዚህ ሥራ ላይ አያደክሙትም። ልጅም የአባቱን እምነት የሚረዳው ከንግግሩ ሳይሆን፥ አባቱ ለእርሱ ከሚያጠፋው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ልጁን ተበቃይ አለማድረጋቸው ነው። የተነቀፈ አባት ልጁን ታጥቆ ወደ ነቀፉት ሰዎች እንዲመለስ ሊያደርገው ይችል ነበር። ሂድና ጎንደር ላይ አሳያቸው ቢለው ልጁ ዕድሜውን በክርክር ያሳልፍ ነበር። ታሪኩ የሚነግረን ግን ጥበቡ ሌላ አገር መሄዱን ነው። ከዚህ ላይ የሕልሙ መለወጥ ይታያል። የአባትየው ምኞት የቈየውን ከተማ መለወጥ ነበር፤ በልጁ እጅ ሲገባ ግን በሌላ ከተማ አዲስ ቤት መሥራት ሆነ። ጎንደር ዐፄ ፋሲል ከቈረቈሯት ጀምሮ የሊቃውንት አገር ሆና የኖረች፥ የምትጠብቀው ብዙ ርስት ያላት ናት። ደብረ ታቦር ግን በየጁ ራሶች ዘመን ተቈርቍራ፥ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ ተቀምጠውባት በ19ኛው መቶ ዘመን የገነነች ከተማ ናት። አዲስ ነገር ከአሮጌ ከተማ ይልቅ በአዲስ ከተማ ቦታ ያገኛል። ተክሌ ይህን አስቦ ሄደ ብለን ልንመሰክር አንችልም፤ ሥራው ግን ይህን እንደ ፈጸመ እናያለን።

ሦስተኛው ስሙ ነው። ስም ማለት በአገራችን ትልቅ ነገር ነው፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። አባት ያወጣው ስልት በልጅ ስም ሲጠራ አባቱን የሚያስቈጣ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስሙን የሰጠው በደብረ ታቦር ከተክሌ እግር ሥር ቆሞ የተማረው ተማሪ ነው። ተማሪ ጥበቡን የሚጠራው ባስተማረው ሰው ስም ነው። ጥበብን በልቡ ያሰበና ጥበብን በሰው ልብ የተከለ ሁለቱም ደራሲዎች ናቸው፤ ስሙ ግን የሚቀረው ለተካዩ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል። ተክሌ የአባቱን ዕቃ ተሸክሞ ከመሄድ በቀር የራሱ ሕልም ነበረውን? እንዲህ ያለውንስ ልጅ የራሱን ምኞት ተከተለ ልንለው እንችላለንን? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የብዙ ወጣቶችም ጥያቄ ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ በአካል የሚተላለፍ ጥበብ እንደ ዕቃ ሊሸከሙት አይቻልም። መቋሚያውን የሚያነሣው የአባት ክንድ ሳይሆን የልጁ ክንድ ነው፤ የሚዘነበለውም የልጁ ወገብ ነው። ቁመቱ፥ ድምፁ፥ ትንፋሹ ከአባቱ ልዩ የሆነ ሰው አንዱን ስልት ሲያስተምር፥ ሳያውቀውም ቢሆን የራሱን ማኅተም ያሳርፍበታል። ከዚህም በላይ ማስተማር ራሱ የተክሌ ሥራ ነበር። አንድ ሰው የፈጠረውን ነገር ብዙ ሰው በአንድነት እንዲያደርገው ማድረግ ከመፍጠር የማያንስ ችሎታ ይጠይቃል። እንግዲህ የልጁ ሕልም ከአባቱ ሕልም የተቀዳ ነው፤ ነገር ግን የተቀዳ ውሃ የማድጋውን ቅርጽ እንደሚይዝ ሁሉ ይህም የልጁን መልክ ይዟል።

ነገሩን በይበልጥ ለማስረዳት ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። ሊዮፖልድ ሞዛርት በሳልዝቡርግ ከተማ የሚኖር ሙዚቀኛ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1756 ዓ.ም. የቫዮሊን ማስተማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ልጁ ቮልፍጋንግ ተወለደ። አባት የልጁን ተሰጥዎ ባየ ጊዜ የራሱን ሥራ ወደ ኋላ ትቶ ልጁን በማስተማርና በአውሮፓ ነገሥታት አደባባይ እያዞረ በማሳየት ደከመ። እስከዚህ ድረስ እንደ አለቃ ገብረ ሐና ሳይሰስት ሰጠ እንላለን። ነገር ግን በ1781 ልጁ የሳልዝቡርግን ሊቀ ጳጳስ አገልግሎት ትቶ በቪየና ራሱን ችሎ ለመኖር በቈረጠ ጊዜ አባት አጥብቆ ተቃወመ፤ በመካከላቸውም ቅሬታ ገባ። ከታላላቅ ሥራዎቹ ብዙዎቹን ቮልፍጋንግ የጻፈው አባቱ ባልወደደለት በዚያ ከተማ ነው። ሊዮፖልድ ልጁን ማስተማር ዐወቀ፤ መሸኘት ግን ከበደው። ስለዚህ ልጁ ወደ ከፍታው ሲወጣ የአባቱን ምርቃት ሳይሆን ቅሬታውን ተሸክሞ ወጣ። የሁለቱን አባቶች ልዩነት ያየ ሰው፥ ለልጅ መንገድ ማሳየትና መንገዱን መልቀቅ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች እንደ ሆኑ ይረዳል።

ከራሳችን ሥነ ጽሑፍ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እናስታውስ። በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት ልጅ ነው። ወላጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ የሰጡትም ከፍቅር የተነሣ ነው። ነገር ግን ልጁን አልጠየቁትም፤ ሊጠየቅ የሚችልበት ዕድሜም አልነበረውም። ትምህርቱን ይማራል፤ በቀለሙም ይበረታል፤ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ግን ያ ሌላ ሰው የገባለት ስለት በመንገዱ ላይ ይቆማል። ይህ ልብ ወለድ ነው፤ ይሁን እንጂ ደራሲው ያየው እውነት ነው። ስለት ልጅን ለአንድ ግብ ያስረዋል፤ አይዞህ ባይነት ግን ልጅን ለጉዞ ያስታጥቀዋል። ሁለቱም ከአንድ የወላጅ ፍቅር ይመነጫሉ፤ ፍሬያቸው ግን ለየቅል ነው።

ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት ስለ ጎንደር ሊቃውንትም አንድ ቃል መናገር ይገባናል። አዲሱን ስልት ስላልተቀበሉ ብቻ የዕውቀት ጠላቶች አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። እነርሱ የተረከቡትን ሳያጓድሉ ለማስረከብ አደራ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። በቃልና በአካል የሚተላለፍ ጥበብ እያንዳንዱ መምህር እንዳሻው ቢለውጠው በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ መነሻው ይጠፋል። የጎንደሩ አቋቋም እስከ ዛሬ የቆየው እነርሱ ስለ ጠበቁት ነው፤ ተክሌም የሚለይበት ነገር ያገኘው የሚለይበት መሠረት ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ሁለቱም ስልቶች ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም። እምቢታው ጥበቡን ቤት እንዲለውጥ አስገደደው እንጂ አልገደለውም። ይህም የሆነው ከእምቢታው በኋላ አንድ አባት ተስፋ ስላልቈረጠና አንድ ልጅ ለመሄድ እግሩን ስላልሰሰተ ነው።

የስልቱን ውበት በሒስ ዓይን ስንመለከተውም ይኸው ትርጕም በውስጡ ይታየናል። ደንገል ሥሩ በውሃው ጭቃ ውስጥ የተተከለ ነው፤ የሚወዛወዘው ጫፉ ነው። ሥሩን ቢለቅ ማዕበል ይወስደዋል፤ ጫፉን ቢያደርቅ ነፋስ ይሰብረዋል። የጣና ሰው ይህን ስለሚያውቅ ታንኳውን ከእርሱ ይሠራል። በዝማሜው ውስጥም እግር በቦታው ሆኖ አካል ይዘነበላል፤ ቃሉ ሳይለወጥ ስልቱ ይለወጣል። አንድን ምኞት ከቦታና ከጊዜ ጋር ማስማማት ማለትም ይህ ነው። የተማረው ልጅ ከሥሩ ሳይነቀል መዘንበልን ካላወቀ፥ ወይ ይሰበራል ወይ ይወሰዳል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ያለፈውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ በየዓመቱ የሚታይ ነገር አለ። አንዱ አባት ልጁን ሐኪም ካልሆንህ ልጄ አይደለህም ይለዋል፤ ሌላው አባት የወደድኸውን ሁን ብሎ ደብተርና እርሳስ ሳይገዛለት ይቀራል። ፊተኛው ስለት ነው፤ ኋለኛው ባዶ ቃል ነው። በጥንቱ የቆሎ ትምህርት ቤትም ይህ ነበረ፤ አባቱ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ስለሚፈልገው ሌሊት ተነሥቶ የጠፋ ስንት ተማሪ እንደ ነበረ በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ከእነዚያ መካከል ታላላቅ ሊቃውንት ወጥተዋል፤ ስለዚህ ያለ አባት ፈቃድም ሰው ሊማር ይችላል። ነገር ግን ተሰዶ የተማረና ተመርቆ የተማረ ልብ አንድ አይደለም። የተሰደደው ያገኘውን ዕውቀት ይዞ ወደ አባቱ ደጅ ለመመለስ ያፍራል፤ የተመረቀው ግን የሄደበት አገር ሁሉ የአባቱ ደጅ ይሆንለታል።

መምህራንም ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። በሥራችሁ ላይ አባትን የምትተኩበት ሰዓት ብዙ ነው። ተማሪው የጀመረውን ትቶ ሌላ ነገር ለመጀመር ሲያስብ፥ ወላዋይ ብሎ ከመገሠጽ በፊት ሕልሙን ትቶ እንደ ሆነ ወይስ ሕልሙን ወደ ሌላ ከተማ ይዞ እየሄደ እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ተክሌም ከጎንደር ርቆ ሲሄድ ያየው ሰው የአባቱ ሥራ በዚያው ቀረ ብሎ ሳያዝን አይቀርም።

ሥራው ግን አልቀረም። ዛሬ በደብረ ታቦር ተማሪው በመምህሩ ፊት ቆሞ ዝማሜውን ሲቀጽል፥ የሚጠራው የተክሌን ስም ነው። አባትየውን የሚያውቃቸው ምናልባት እንደ ሌላው ሰው በቀልዳቸው ብቻ ይሆናል። ስማቸው ሳይጠራ ሥራቸው በመቆሙ ግን አለቃ ገብረ ሐና የተጎዱ አይመስለንም፤ ልጁን በእውነት አይዞህ ያለ አባት የሚጠብቀው ዋጋም ይኸው ነውና።